ፓስታ ብቻ ማዘዝ ነውር ነው?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የ58 ዓመት እናት ነኝ። ልጄን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ከመጣሁ ሁለተኛ ወሬን ይዣለሁ። ልጄ ለአንድ ጣሊያናዊ ወጣት ታጭታለች። ባለፈው ዓርብ ማታ የልጁ እናትና አባት ከፍ ያለ ሬስቶራንት ወስደው ራት ጋበዙን። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ በእያንዳንዱ ሰው ፊት ሦስት ሦስት ብርጭቆ ተደርድሯል። ዕለቱ ጾም ስለሆነ ስፓጌቲ በቲማቲም አዘዝኩ። አስተናጋጁ "ኤ ዲ ሴኮንዶ?" አለኝ። ልጄ "ከዚያስ ምን ይምጣልሽ? ማለቱ ነው" ስትለኝ፣ ከጣሊያንኛ የማውቃት ቃል አንድ ናትና "ባስታ" ብዬ መለስኩለት። ፓስታዬን ስጨርስ ሳህኑ ተነሣ። ለሌሎቹ ግን ሥጋውና ዓሣው ገና መምጣቱ ነበር። እኔ ከፊቴ ምንም ሳይኖር አርባ ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩ። የልጁ እናት ሦስት ጊዜ "አልወደዱትም እንዴ?" ብላ በልጄ በኩል ጠየቀችኝ። ስንመለስ ልጄ ታክሲው ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኛ ቤት ፓስታ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቶሎ የሚቀቀልላቸው ምግብ ነው። እንዲያ ያለ ቤት ገብቼ እርሱን ማዘዜ ልጄን አዋረዳት ይሆን? ከሦስት ሳምንት በኋላ በተራዬ እኔ እጋብዛቸዋለሁ። የግድ ሥጋ ማዘዝ አለብኝ?
የሙሽሪት እናት፣ ከሮም»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ነውር አልሠሩም። አስቀድሜ ይህን ልበልዎት፤ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው እንቅልፍ የነሣዎት ከፓስታው ይልቅ የታክሲው ዝምታ እንደሆነ ታውቆኛልና። በጣሊያን አገር፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይም ቢሆን፣ ፓስታ ብቻ አዝዞ መብላት የተለመደ ነው። እኔ ራሴ ሮም ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። በሳህን አጠባ ጀምሬ ፓስታ ወደሚቀቀልበት ምድጃ የደረስኩ ሰው ነኝ። በእነዚያ ዓመታት «ሶሎ ኡን ፕሪሞ»፣ «አንድ ፕሪሞ ብቻ» የሚል ትእዛዝ ያልመጣበት ምሽት አላስታውስም። እንዲህ ያዘዘን ሰው ከኋላው ያማው አስተናጋጅም አልገጠመኝም።

ነገሩ እንዲገባዎት ማዕዳቸው እንዴት እንደሚሄድ ልንገርዎት። እኛ ዘንድ ሁሉም በአንድ ትሪ ይቀርባል፤ ዶሮው፣ አልጫው፣ አይቡ፣ ጎመኑ ጎን ለጎን ይቀመጥና እጅ ወዳሻው ይሄዳል። እነርሱ ዘንድ ምግቡ ተራ ጠብቆ ይመጣል። መጀመሪያ አንቲፓስቶ ነው፤ ስሙ «ከፓስታ በፊት» ይመስላል እንጂ «ፓስቶ» ማለት ማዕድ ስለሆነ ትርጉሙ «ከማዕድ በፊት» ነው። ቀጥሎ ፕሪሞ፣ «አንደኛው»፣ ይመጣል፤ ፓስታ፣ ሪዞቶ የሚባለው በመረቅ የበሰለ ሩዝ ወይም ሾርባ ማለት ነው። ከዚያ ሴኮንዶ፣ «ሁለተኛው»፣ ሥጋ ወይም ዓሣ ይሆናል። ሴኮንዶው ብቻውን ይመጣል። እኛ አገር ጥብስ ወይም አሮስቶ ሲታዘዝ አትክልቱም ሩዙም አብሮ ሳህኑ ላይ ይጠበቃል፤ እዚያ ግን አትክልቱ ኮንቶርኖ ተብሎ ለብቻው ካልታዘዘ አይመጣም። በመጨረሻ ጣፋጩና ቡናው አሉ።

ይህን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር የሚበላ ጣሊያናዊ ዛሬ ጥቂት ነው። ሙሉው ማዕድ የእሑድ ምሳ፣ የበዓልና የሠርግ ወግ ሆኗል። በሌላው ቀን አንዱ ፕሪሞውን ዘልሎ ሥጋውን ይበላል፣ ሌላው ፓስታውን በልቶ ይበቃዋል፣ ሦስተኛው አንቲፓስቶና ፕሪሞ ያዛል። ስለዚህ የአስተናጋጁ «ኤ ዲ ሴኮንዶ?» የትዝብት ጥያቄ አይደለም። የጠረጴዛውን ትእዛዝ በሙሉ አንድ ጊዜ መመዝገብ አለበት፤ ወጥ ቤቱ ሥጋው መቼ እሳት ላይ እንደሚወጣ፣ ዓሣው መቼ እንደሚጠበስ የሚያሰላው በዚያች ወረቀት ነው። እርስዎ «አልፈልግም» ሲሉት የጻፈው ነገር ቢኖር አንድ ሰረዝ ነው።

ብቻ «ባስታ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ስትወጣ ትቆረቁራለች። ልጅ ሲያስቸግር «በቃ!» እንደምንለው ናት። በሚቀጥለው «ቫ ቤኔ ኮዚ፣ ግራትሲዬ» ይበሉ፤ «ይህ ይበቃኛል፣ አመሰግናለሁ» ማለት ነው። ያኔ ለተናገሯት ግን አይጨነቁ፤ የእንግዳ አንደበት መሆኑን አስተናጋጁ ያውቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፓስታ ርካሽና የልጆች ምግብ ነው የሚለው ሐሳብዎ ከአዲስ አበባ ይዘውት የመጡት ነው፤ እኔም ይዤው ሄጄ ነበር። ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ስጎ፣ ሳልሳ፣ ላዛኛ፣ ፉርኖ፤ ቃላቱን ከጣሊያንኛ ወስደን የራሳችን አድርገናቸዋል። ፓስታ በስጎ የማይሸጥበት ምግብ ቤት ብርቅ ነው፤ በእንጀራም እንበላዋለን፣ በዳቦም እንበላዋለን፣ በርበሬም ጨምረንበታል። እንዲህ የቤታችን ከሆነ ነገር ጋር ትልቅ ቤት ውስጥ ስንገናኝ ያሳፍረናል። ለእነርሱ ግን የአንድ ወጥ ቤት ሙያ የሚለካው በፓስታው ነው። ሥጋ ጥሩ ከሆነ ራሱ ይረዳል። ፓስታ ደካማ እጅን አይሸሽግም።

እስቲ ያንን ያዘዙትን ስፓጌቲ በቲማቲም ከምድጃው በኩል ልየው። ወጥ ቤት ውስጥ በቃል የምንይዘው ልክ ለ100 ግራም ፓስታ አንድ ሊትር ውኃና 10 ግራም ጨው ነው። ለአንድ ሰው ከ80 እስከ 100 ግራም ደረቅ ፓስታ ይመዘናል። ውኃው ሲፈላ ፓስታው ይገባል። ሊበስል አንድ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ይወጣና ቲማቲሙ ወዳለበት መጥበሻ ይገለበጣል። ከዚያ ከተቀቀለበት ውኃ ግማሽ ጭልፋ ይጨመርበታል። ያ ደፍራስ ውኃ ከዱቄቱ የወጣ ስታርች ስላለው ከወይራ ዘይቱ ጋር ይዋሐዳል፤ መጥበሻው እየተወዘወዘ ፓስታው ይገለባበጣል፣ ስጎውም እየወፈረ እያንዳንዷን ዘለላ ይለብሳታል። «ማንቴካሬ» ይሉታል። በዚህች ደቂቃ ወጥ ቤቱ ውስጥ የሚያወራ ሰው የለም። ሠላሳ ሰከንድ ከዘገየ ፓስታው ይልማል፤ ከቸኮለ ስጎው ውኃ ሆኖ ሳህኑ ግርጌ ይቋጥራል። በደንብ ከተሠራ ግን ሹካው ላይ የተጠቀለለው ፓስታ ያብረቀርቃል፣ ሲነክሱትም መሀሉ ጥርስን ትንሽ ይመልሳል። የእኛ የወጥ ቤት አለቃ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ጥብስ አሠርቶ አይፈትነውም ነበር። ስፓጌቲ በቲማቲም አሠርቶ አንድ ሹካ ይቀምስና ይወስናል። ቲማቲም፣ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባዚሊኮ (የጣሊያን በሶብላ) ብቻ ያለበት ምግብ የሚደበቅበት ስፍራ የለውምና። እርስዎ ያዘዙት ይህንን ነው። የሚያሳፍር ምን አለው?

ታዲያ ያን ምሽት ምኑ ነው የከበደው? አርባው ደቂቃ ነው።

እርስዎ ቤት እንግዳ መጥቶ ሁለት ሦስት ጉርሻ በልቶ እጁን ቢሰበስብ ምን ይላሉ? «ብሉ እንጂ! አልጣፈጠዎትም እንዴ?» ይላሉ። አንዴ ብለውም አያቆሙም። የልጁ እናት ሦስት ጊዜ የጠየቀችዎት በዚሁ አንጀት ነው። ጋባዧ እርሷ ናት፤ እርሷ ሥጋዋን እየቆረጠች ተጋባዧ፣ ያውም የወደፊት የጋብቻ ዘመዷ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትቀመጥ ምግቡ በጉሮሮዋ አልወርድ ብሏታል። እርስዎ «ናቀችኝ» ብለው ሲሳቀቁ እርሷ «አላስደሰትኳትም» ብላ ስትሳቀቅ አምሽታለች። ሁለት እናቶች በአንድ ጠረጴዛ ለአንድ ነገር ተጨንቃችሁ ያመሻችሁ ይመስለኛል።

የማዕዱ ጨዋነትም ያለው እዚህ ላይ ነው። ምን ያህል እንደሚያዙ ማንም አይቆጥርም። ሰው የሚያየው አብረው ሲጀምሩና አብረው ሲቆዩ ነው። ሌሎቹ ሦስት ዙር የሚበሉ ከሆነ አንዱን ብቻ ያዘዘ ሰው ወይ መጀመሪያ ወይ መጨረሻ ላይ ባዶ ይቀመጣል። ለዚህ መላ አለው። አንደኛው፣ ሌሎቹ ሴኮንዶ ሲቀርብላቸው ለእርስዎ ኮንቶርኖ እንዲመጣ ማዘዝ ነው፤ አንድ ሳህን አትክልት ከፊትዎ ካለ ከጨዋታው አይወጡም፣ የጋባዧም ልብ ያርፋል። ሌላው፣ ሌሎቹ ፕሪሞ የማይበሉ ከሆነ «ላ ፓስታ ኮን ኢ ሴኮንዲ» ማለት ነው፤ «ፓስታዬ ከሴኮንዶው ጋር ይምጣ» ነው ትርጉሙ። በዚህ ጊዜ ፓስታው ዋና ምግብ ሆኖ ከሌላው ሰው ሥጋ ጋር እኩል ይቀርባል። እኛ ቤት ይህ ትእዛዝ ሲመጣ ማንም ቅንድቡን አያነሣም ነበር፤ ሰዓቱን አስተካክሎ መሥራት ብቻ ነው የሚፈልገው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። አንዳንድ እጅግ ከፍ ያሉ ቤቶች «መኑ ዴጉስታትሲዮኔ» የሚሉት አላቸው፤ ሼፉ የመረጣቸው ብዙ ትናንሽ ምግቦች ተራ በተራ የሚቀርቡበት ነው፣ ብዙ ጊዜም ጠረጴዛው ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲያዝ ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ፓስታ ብቻ ማዘዝ ላይቻል ስለሚችል ቦታ ሲያስይዙ ይጠይቁ። አሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎች ደግሞ በእናንተ ዘንድ ነገሩ የተለየ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እዚያ በብዙ የጣሊያን ምግብ ቤቶች ፓስታ ራሱን የቻለ ራት ሆኖ፣ ሳህኑም ከዚህኛው እጅግ ገዝፎ ስለሚመጣ፣ ፓስታ ላይ ሥጋ የሚጨምር ሰው ነው የሚያስደንቀው።

ስለ ጾሙ ሰፋ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ከደብዳቤዎ ሁሉ ያሳሰበኝ ይህ ነውና። ዓርብ እንደሚጾሙ ለልጁ ቤተሰብ የነገራቸው ሰው እንደሌለ ይታየኛል። ቢነገራቸው ኖሮ የሚረዱት ነገር ነበር። የሮም ሰዎች «ሐሙስ ኞኪ፣ ዓርብ ዓሣ፣ ቅዳሜ ትሪፓ» የሚል የቆየ አባባል አላቸው። ኞኪ ከድንች የሚሠራ ድብልብል ፓስታ፣ ትሪፓ ደግሞ የከብት ጨጓራ ነው። ዓርብ ዓሣ የሆነው በካቶሊክ ሥርዓት ዓርብ ከሥጋ ስለሚታቀቡ ነው። ከሥጋ ታቅቦ መብላትን «ማንጃሬ ዲ ማግሮ» ይሉታል። የልጁ አያት በሕይወት ካሉ ቃሉን ሲሰሙ ፊታቸው እንደሚፈካ አልጠራጠርም። የእነርሱ ጾም ከእኛ ይላላል፤ እንቁላልና ወተት አይከለክልም፤ ቢሆንም ለምን ሥጋውን እንደተዉት ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ መንገድ የለም።

እግረ መንገዴን፣ ቲማቲም ያለበት ፓስታ ሁሉ የጾም አይደለም። ደረቁ ፓስታ ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴና ከውኃ ብቻ ይሠራል፤ በጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ደረቅ ፓስታ ከዱረም ስንዴ እንዲሆን በሕግ ተደንግጓል። በእጅ የተዳመጠው ትኩስ ፓስታ ግን፣ ታሊያቴሌውም ፌቱቺኔውም፣ ለ100 ግራም ዱቄት አንድ እንቁላል ይገባበታል። እንቁላል የሌለበት ትኩስ ፓስታ ከፈለጉ የፑሊያው ኦሬኪዬቴና የቶስካናው ፒቺ በልማዳቸው በዱቄትና በውኃ ነው የሚሠሩት። ከዚያ ደግሞ ወጥ ቤቱ ሲያዋሕደው ቅቤ ወይም አይብ ጣል ሊያደርግበት ይችላል፤ ከላይ ስለማይታይ ሳይጠይቁ አይታወቅም። ስለዚህ ሲያዝዙ «ሴንዛ ቡሮ፣ ሴንዛ ፎርማጆ፣ ሴንዛ ኡኦቫ» ይበሉ፤ ያለ ቅቤ፣ ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። ሪዞቶም አትክልት ብቻ ቢመስል ብዙ ጊዜ በሥጋ መረቅ በስሎ በቅቤና በአይብ ይታሻል። ስፓጌቲ አልዮ ኦልዮ ኤ ፔፔሮንቺኖ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በወይራ ዘይትና በሚያቃጥል በርበሬ የሚሠራው፣ ለጾመኛ ታማኝ ነው። ፔኔ አላራቢያታም እንዲሁ፤ ስሙ «የተቆጣው» ማለት ነው፣ ከቃሪያው ብዛት።

በፍስክ ቀንም የሚጠነቀቁበት አለ። የሮም ዝነኞቹ ካርቦናራ፣ አማትሪቻናና ግሪቻ ሦስቱም ጓንቻሌ ይገባባቸዋል፤ ጓንቻሌ የአሳማ ጉንጭ ነው። በአገራችን ቦሎኔዝ የምንለው ስጎም በበሬ ሥጋ ብቻ የሚሠራ ይመስለናል፤ እ.ኤ.አ. በ1982 በቦሎኛ ንግድ ምክር ቤት የተመዘገበው አዘገጃጀት ግን ፓንቼታ፣ የአሳማ ሆድ ሥጋ፣ አለበት። ይህን ብዙ ወገኖቻችን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ሳያውቁ ያዝዙታል። ምን እንዳለበት መጠየቅ የሚያስነውር አይደለም። አሳማ የማይበላ ሰው ካቾ ኤ ፔፔ ይዘዝ፤ ፔኮሪኖ የተባለው የበግ ወተት አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው፣ ከዚያ የሚበልጥ የሮም ፓስታ ለእኔ የለም።

ልጅዎን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። ታክሲው ውስጥ ዝም ያለችው ስላፈረችብዎት ነው ብለው ደምድመዋል። እኔ ግን ስላላስረዳች በራሷ አፍራ ይመስለኛል። ማዕዱን የምታውቀው እርሷ ናት፤ ቋንቋውን የምታውቀው እርሷ ናት፤ ዓርብ መሆኑንም ታውቃለች። ገና ቀኑ ሲቆረጥ «እናቴ ዓርብ ትጾማለች፣ ቅዳሜ ይሁንልን» ማለት ነበረባት፤ ካልሆነም ሜኑውን ይዛ «እማዬ፣ እነርሱ ሦስት ጊዜ ነው የሚበሉት፣ ለአንቺም አትክልት እንጨምር» ማለት ትችል ነበር። በሁለት ወገን መካከል የተቀመጠ ሰው ሥራው ይኸው ነው። ይህን ለቁጣ አይጻፉባት፤ እርሷም ተጨንቃለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ሁለቱን ቤተሰብ በአንድ ጠረጴዛ ያስቀመጠችው። ዛሬ ማታ ቡና አፍልተው ይጠይቋት። «አሳፈርኩሽ ወይ?» ብለው ሳይሆን «ያን ለት ምን ከበደሽ?» ብለው ይጀምሩላት። የመጀመሪያው ጥያቄ «ኧረ አላሳፈርሽኝም» የሚል መልስ አምጥቶ ወሬውን ይዘጋዋል።

ወደ ግብዣዎ እንምጣ። ሥጋ የማዘዝ ግዴታ የለብዎትም። ቀኑን ግን ከረቡዕና ከዓርብ ያውጡት። በተቻለ መጠን የእሑድ ምሳ ያድርጉት፤ ለእነርሱ የቤተሰብ ማዕድ እሑድ ነው፣ እርስዎም ቅዳሴ ውለው ሊመጡ ይችላሉ። ጾም ገብቶ የግድ ከሆነ አስቀድመው ያስነግሯቸው፣ ምግቡንም እንዲህ ያስተካክሉት፦ ለአንቲፓስቶ ብሩስኬታ (የተጠበሰ ዳቦ) በቲማቲም፣ ወይም ወቅቱ ከሆነ ካርቾፊ አላ ጁዲያ። ይህ የሮም አይሁዶች ምግብ ነው፤ አርቲቾክ የሚባለው አትክልት ሙሉውን በዘይት ይጠበስና እንደ አበባ ተፈርክሶ፣ ጫፉ እየተንኮሻኮሸ ይቀርባል። ከዚያ ፓስታዎን። ሌሎቹ ወደ ሥጋው ሲሻገሩ ለእርስዎ ቺኮሪያ ሪፓሳታ ይምጣልዎት። መራር ቅጠል ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተጨምቆ፣ በወይራ ዘይት ከነጭ ሽንኩርትና ከሚያቃጥል በርበሬ ጋር እንደገና መጥበሻ ላይ ይመለሳል። መጀመሪያ ስቀምሰው ከወጥ ቤቱ ወጥቼ ደጅ ቆሜ ነበር፤ የእናቴ ጎመን ነው የመሰለኝ። ለልጁ እናት ይህን ይንገሯት፤ «ይህ የእኛም ምግብ ነው» ይበሏት፤ ወሬው ከዚያ ራሱ ይመጣል።

ትናንሽ ነገሮች አሉ፣ ቶሎ ልጥቀሳቸው። ስፓጌቲ በቢላዋ አይቆረጥም፤ ሦስት አራት ዘለላ ብቻ በሹካ ጫፍ ይዘው ሳህኑ ዳር ላይ ያዙሩት። ዳቦው ፓስታው እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ የቀረውን ስጎ በቁራሽ ጠርጎ መብላት «ስካርፔታ» ይባላል፣ እኛ በእንጀራ እንደምናደርገው ነው። በከፍተኛ ቤት ውስጥ ግን የልጁን እናት አይተው እርሷ ካደረገች ያድርጉ። ዓሣ ወይም ክላም (በዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ባለበት ፓስታ ላይ አይብ አይጠይቁ። ከምግብ በኋላ ካፑቺኖ አይታዘዝም፤ በፍስክ ቀን ማኪያቶ ቢሉ ግን ያው የእኛው ስም ነው፣ ሲኒው ብቻ ያንስብዎታል።

የመጨረሻው ሒሳቡ ነው። ጣሊያን አገር ካልጠየቁ ሒሳብ አያመጡልዎትም፤ እንግዳን እንደማባረር ስለሚቆጠር እስከ ሌሊት ቢቀመጡ ዝም ይላሉ። የልጁ አባት በአገሩና በቋንቋው ስለሆነ ጋባዧ እርስዎ እንደሆኑ ቢያውቅም ለመክፈል መሞከሩ አይቀርም፤ እንደ እኛው ሒሳብ ላይ ይታገላሉ። ስለዚህ ጣፋጩ ሲቀርብ፣ ቡናው ሳይታዘዝ፣ እጅዎን ሊታጠቡ እንደሚሄዱ ሆነው ልጅዎን ይዘው ይነሡ። ወደ ገንዘብ ተቀባዩ ሄደው «ኢል ኮንቶ፣ ፔር ፋቮሬ» ይበሉና እዚያው ከፍለው፣ ደረሰኙን ቦርሳዎ ውስጥ ከትተው ወደ ቡናው ይመለሱ።